ሁለት ባዶ መዳፍ

የጋሼ ሙላውን ሞት የሰማሁት ራቁቴን ነው። ወንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ እስከ አንገቴ ተዘፍዝፌ ወገቤን እንደ ድንች ስቀቅል ስልኬ ከድንጋዩ ላይ ጮኸ። የምትደውለው ሲስተር ብርቄ ነበረች፤ የሆስፒታላችን የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ። ብርቄ በሌላ ቀን ስትደውል ሰላምታዋ ብቻ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ያደርሳል፤ ከሰውየው አልፋ የከብቱንም የጎረቤቱንም ደኅንነት ትጠይቃለች። ያን ዕለት ሰላም አላለችም። «ጋሼ አረፉ» አለች።

ከጎኔ የሚታጠቡ አንድ የእብናት ሽማግሌ ፊቴን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ውኃው አቃጠለህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ሰውየው ሲያጣጥር አንተ ፍል ውኃ ለፍል ውኃ ምን ያዞርህ ነበር የሚል አይጠፋም። ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። በሕመማቸው ጊዜ አልጋው ላይ የማገላብጣቸው እኔ ነበርኩ፤ ጋሼ ሙላው ደግሞ ሥጋቸው አልቆም የጉናን ተራራ እኩሌታ ይመዝናሉ። አንድ ቀን ሳነሣቸው ወገቤ ቀጭ አለ። ቀጭ ሲል ሰሙት። «ሂድ፣ ወንዛዬ ተዘፍዝፈህ ና» አሉኝ። «እኔን ለመሸከም ቀጥ ያለ ወገብ ያስፈልግሃል።» ስለ አልጋው የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

እኔ የሆስፒታሉ መድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ሐኪም ጽፎ ይልካል፣ እኔ አውርጄ እሰጣለሁ። በዚያች መስኮት ያላየሁት የእጅ ጽሑፍ የለም፤ የአንዳንዱ ሐኪም ጽሑፍ ዶሮ ቀለም ረግጣ የሮጠችበት ይመስላል። የጋሼ ሙላው ግን እንደ ብራና መጽሐፍ ጥርት ያለ ነበር። ችግሩ ከጽሑፉ ሳይሆን ከሚጻፈው ላይ ነው። ሌላው ሐኪም ብዕሩን እንደ በስመ አብ በሴፍትሪያክሶን፣ በዚያ በብርቱው መርፌ፣ ሲጀምር እሳቸው «ፈሳሽ ይጠጣ፤ ይረፍ፤ ካልተሻለው ተመልሶ ይምጣ» ብለው ይልኩብኛል። ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሰው እኔን ያያል፣ እኔ መደርደሪያውን አያለሁ። ፈሳሽና ዕረፍት ከመደርደሪያዬ ላይ የሉም።

ጤና መኮንን ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ሐኪም የተባለውን ሁሉ ዶክተር ስለሚል ዶክተር ይላቸዋል። ቁመታቸው ከበር ጋር ተጣልቶ የሚኖር ነው፤ የሆስፒታሉ በሮች ሁሉ ግንባራቸውን ያውቁታል። በጋ ከክረምት ከራሳቸው የማይወርድ የሹራብ ቆብ ነበራቸው፤ ሰው ከነቆቡ ነው የተወለዱት ይል ነበር። ቁጡ ነበሩ። በልተውም አይጠግቡም፤ የሠርግ ቤት ሲጠሩ ባለሠርጉ ሌላ በግ የሚያሰናዳ ይመስለኛል።

መድኃኒት የጻፉለት ሰው ከክፍላቸው ሊወጣ ሲል አንዲት ሥርዓት ነበረቻቸው። ሁለት መዳፋቸውን ይዘረጉና እፍ ይሉባቸዋል፤ በመዳፉ ላይ የነበረ ብናኝ ሁሉ እንዲበን። ከዚያ «እንዲህ ሆነህ ና» ይላሉ። ጨርሰህ፣ ባዶ እጅህን ና ማለታቸው ነው። «ተሻለኝ ብለህ ያስተረፍካት ፍሬ ለጀርሙ ትምህርት ቤት ናት፤ እዚያ ገብቶ መድኃኒቱን ያጠናል» ይሉ ነበር። ሕሙማኑም መዳፋቸውን እያዩ ይወጣሉ። አንዳንዱ መዳፍ ያነበቡለት ይመስለዋል።

የሳቸው ክፍልና የእኔ መስኮት የሚለያዩት በአንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ የሚነገረው ሁሉ ይሰማኛል። አንድ የገበያ ቀን ጌሾ የሚሸጡት እትዬ አዛለች ገቡ። እትዬ አዛለችን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው የለም፤ በገበያው ዳር ተቀምጠው ሲናገሩ በማዶው ዳር ያለችው አህያ ጆሮዋን ታቆማለች።

«ዶክተር፣ ያቺን ቀይና ጥቁሯን ካፕሱል ይጻፉልኝ።»

«ምንዎን አምዎት ነው?»

«ጉንፋን ነዋ። ጉሮሮዬን፣ ራሴን፣ ምኑ ቀረኝ።»

ጋሼ ባትሪያቸውን አብርተው ጉሮሯቸውን አዩ፣ ደረታቸውን አዳመጡ። «ጉንፋን ቀይና ጥቁር አያውቅም። ጋቢ ይደርቡ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ።»

«ይህንንማ ጎረቤቴም ትለኝ የለም? ወረፋ ተይዞ ጋቢ ይታዘዛል እንዴ?»

«እንግዲህ ታዘዘ።»

«አምና ያ ልጅ ዶክተር መርፌውንም ካፕሱሉንም ሰጥቶኝ በሳምንቱ ተነሣሁ።»

«ጉንፋን ቢሰጥዎትም ባይሰጥዎትም በሳምንቱ ይለቅዎታል።»

«ቢሆንስ። አንቱ ከጎተራዎ አያወጡት። ምን ይጎድልብዎታል?»

«ለክፉ ቀንዎ የምሰጥዎት ይጎድልብኛል፣ እትዬ አዛለች።»

እትዬ አዛለች ወጥተው ወደ መስኮቴ መጡ። «ስማ» አሉኝ፣ «ይህ ሰውዬ እናቱ ጡት ስትከለክለው ነው ያደገ?» ያን ቀን ጌሾ ሲሸጡ ውለው የፈረስ ስም አወጡላቸው፤ አባ ከልክል። ስሙ ከእሳቸው በፊት እስቴ ደረሰ። የጥንት መኳንንት ፈረስ ይዘው ነው የፈረስ ስም ያገኙት፤ ጋሼ ሙላው የነበራቸው ግን የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሞተር ሳይክል ብቻ ነው፤ እሱም ሲነሣ እንደ አሮጌ ቄስ ያስላል።

ክረምት ሲገባ እትዬ አዛለችን በእውነት ሳንባ ምች ያዛቸው። በሰው ተደግፈው መጡ። ጋሼ ጆሯቸውን ከደረታቸው ባነሡ ጊዜ ወዲያው ጻፉ፣ ራሳቸው ወደ መስኮቴ መጥተው መድኃኒቱን ተቀብለው የመጀመሪያዪቱን ፍሬ በእጃቸው አስዋጧቸው። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው እፍ አሉ። እትዬ አዛለች አቅም አጥተው በዓይናቸው ብቻ እሺ አሉ፤ እኔ እሳቸው ሳይናገሩ እሺ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዳኑም።

ለምን በመድኃኒት እንዲህ እንደሚሰስቱ አንድ ምሳ ሰዓት፣ ከመድኃኒት መጋዘኑ ካርቶን ላይ ተቀምጠን ዳቦ ስንቆርስ ጠየቅኋቸው። ከመንግሥት ለውጡ በፊት የጦር ሜዳ ሐኪም እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ጦሩ ሲበተን በእግራቸው ነው ወደ አገራቸው የገቡት። ስለ ጦርነቱ ግን አያወሩም ነበር።

«አንዲት ብልቃጥ ፔኒሲሊን ቀርታኝ ነበር» አሉ። «ሁለት ልጆች በአንድ ድንኳን ተኝተዋል። የሁለቱም ቁስል ሸቷል። ብልቃጢቱ ለሁለት ብትከፈል ሁለቱንም አታድንም። አንዱን ወጋሁት።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ያየኝ ነበር።»

ዳቧቸውን ጨርሰው አልበሉም፤ ለጋሼ ሙላው ይህ ተአምር ነው። ቆይተው፣ «መድኃኒት እንደ በሬ ነው» አሉኝ። «በጋውን ሙሉ ያለ ሥራ ጠምደህ ስታንገላታው ከከረምክ፣ ሰኔ ሲገባ እርሻው ላይ ይተኛብሃል። ብትገርፈው አይነሣም።»

ያ በሬ ሲተኛ አይቼዋለሁ። ከእብናት ወዲያ ካለ ቀበሌ አንዲት አራስ በቃሬዛ አመጡ። ገና ልጅ ናት። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ እሷ ግን ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ከመደርደሪያዬ ያለውን ሁሉ አወረድኩ። መጀመሪያ የተለመደውን፣ ቀጥሎ ብርቱውን፣ ቀጥሎ ሁለቱን አንድ ላይ። ትኩሳቱ እንዳልሰማ ሆነ። ዶክተሮቹም ጋሼም ካልጋዋ አልተለዩም፤ በመጨረሻ የምናወርደው አጣን። ከሞተች በኋላ ባልዋ ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ጋሼ መጣ። ለጠብ የመጣ መስሎኝ ከመስኮቴ ተነሣሁ።

«ዶክተር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን አጉድዬባት ነው? ከሙሽርነቷ ጀምሮ ባስነጠሰች ቁጥር ካፕሱል ከገበያ ሳልገዛላት ቀርቼ አላውቅም።»

ጋሼ እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ። «ምንም አላጎደልክባትም» አሉት። ሰውየው ሲሄድ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዴት አድርጌ ልንገረው?» አሉኝ። እኔ ለሁሉ ነገር ቀልድ አለኝ ብዬ የምኩራራው ሰውዬ፣ ጠርሙስ ማስተካከል ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቢታቸው ባሰ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚመኙት፤ ሰው ሲያስፈልገው ብቻ እንዲወስድ፣ የወሰደውን ደግሞ እንዲጨርስ። ሌላ ሰው ቤት ይመኛል፣ መሬት ይመኛል። እሳቸው ባዶ መዳፍ ይመኙ ነበር።

አንድ ዐቢይ ጾም የኔታ ጽጌ መጡ። ከከተማው በላይ ባለው ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ድምፃቸው ሲወጣ የደብሩ ርግቦች ክንፋቸውን አጥፈው ያዳምጣሉ ይባላል፤ እኔ የጨመርኩበት ክንፉን ብቻ ነው። የባሕር ዛፍ ጉቶ እግራቸውን ወግቷቸው አብጧል። ጋሼ ቁስሉን አጥበው፣ ካፕሱል በየስምንት ሰዓቱ ብለው ጻፉ፣ እፍ አሉ፣ ሰደዷቸው።

የኔታ ተመልሰው የመጡት በደቀ መዛሙርታቸው ትከሻ ነው። የእግሩ ቆዳ ወደ ጥቁረት ሄዷል። በኮምፔንሳቶው ማዶ የጋሼ ድምፅ ከልክ በላይ ለስልሶ ተሰማኝ፤ ሲለሰልሱ ነው የሚፈሩት።

«የኔታ፣ መድኃኒቱን ዋጡት?»

«ዋጥኩ እንጂ።»

«ሁሉንም?»

«ድርሻዬን።»

«ድርሻ ማለት?»

«እንግዲህ ብርድ ነው፤ ጎጆው ሁሉ ያስላል። እነዚህ ልጆች ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ብቻዬን ልዋጥ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለም?»

«ለስንት አካፈሉት?»

«በረከቱን ሰጥቶት ለሁሉም ደረሰ።»

አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ትዝ ብሎኝ ሳቄን በጋዋኔ እጅጌ አፈንኩ። ጋሼ አልሳቁም።

«የቀረችውንስ ድርሻ በሰዓቷ ዋጧት?»

«ጾም አይደለም እንዴ፣ ዶክተር? የጠዋቱን፣ የቀኑን፣ የማታውን ባንድ ላይ አድርጌ ከቅዳሴ መልስ።»

የኔታ ሲወጡ ጋሼ ወደ መስኮቴ መጥተው በክርናቸው ተደገፉ። «ሌላ ካፕሱል ብሰጣቸው ዛሬውኑ ያድሉታል» አሉ። «ካልዋጡ እግሩ ይቆረጣል። መሪጌታ በአንድ እግር ማኅሌት አይቆምም። ካልተቆረጠ ደግሞ ሰውየውን እናጣለን። አስተኝተን እንዳንወጋቸው አልጋው ሁሉ ሁለት ሁለት ሰው ተኝቶበታል። ና፣ ተነሥ።»

«ወዴት?»

«የሚያዝዛቸው ሰው ዘንድ።»

የየኔታ ንስሐ አባት አባ መዝገቡ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ጋሼ ሙላው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ እንጂ አስቀዳሽ አይደሉም፤ አባም ያውቁታል፤ መስቀሉን ሲያሳልሟቸው «ዛሬ ማን ጠፍቶብህ ነው?» አሏቸው። ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። ራሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ መላጣ ነበሩ።

«አባ፣ አንቱ ቀኖና የሰጡት ሰው ቀኖናውን ለጎረቤቱ ያካፍላል?»

«ምን ማለትህ ነው? ስግደት ይካፈላል? የራሱ ኃጢአት፣ የራሱ ጉልበት።»

«ነፍሴ ቀለላት ብሎ እኩሌታውን ይተወዋል?»

«ቀኖና እኩሌታ የለውም። ያቋረጠ እንደ አዲስ ይጀምራል።»

ጋሼ የጠፋ በሬውን ያገኘ ገበሬ መሰሉ። ከኪሳቸው ካፕሱሉን አውጥተው አባ መዝገቡ ጉልበት ላይ አኖሩት። «እንግዲያስ ይህን ለየኔታ ጽጌ ቀኖና አድርገው ይስጡልኝ።»

አባ እሽጉን በመስቀላቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ተመለከቱት። «ክኒን ቀኖና ሆኖ አያውቅም።»

«የየኔታም እግር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

«ጾሙስ?»

«እሱን አንቱ ይፍቱት። እኔ የማውቀው እግራቸውን ነው፤ እሳቸውን የሚያውቁ አንቱ ነዎት።»

ፀሐይዋ ራሷ የአባ መዝገቡን መልስ ልትሰማ የቆመች መሰለኝ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

የየኔታ ጎጆ ስንደርስ ልጆቹ በእርግጥም ያስላሉ። አባ መዝገቡ ከመደቡ አጠገብ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ጽጌ፣ ስማኝ። ይህ ቀኖናህ ነው። በሰዓቱ፣ ጠዋቱንም በውኃ ትወስዳለህ፤ ጾሙን እኔ ፈትቼሃለሁ። ለማንም አታካፍልም። እስኪያልቅ አታቋርጥም። አንዲት ፍሬ ለሌላ ብትሰጥ የኔን ቃል ነው የሰጠኸው።»

የኔታ ጽጌ አለቀሱ። ስግደት ቢሰጣቸው፣ ራብ ቢሰጣቸው ደስ ባላቸው። የተሰጣቸው ግን የልጆቹን ሳል እየሰሙ ብቻቸውን መዋጥ ነው። «አባ፣ ሌላ ይስጡኝ» አሉ።

«ሌላ የለም።»

ጋሼ ልጆቹን በተራ እያስቀመጡ ደረታቸውን አዳመጡ። መድኃኒት የሚያሻው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ለእሱ ጻፉለት። ለሌሎቹ በማግሥቱ ከቤታቸው ብርድ ልብስ ተሸክመው መጡ። ሚስቴ አባረረችኝ ብለው እኔ ቤት ራት የበሉት ያን ሰሞን ነው፤ ለእኔ ቤት የተረፈው ሳሕኑ ነው።

ከትንሣኤ በኋላ የኔታ በትር ይዘው፣ በሁለት እግራቸው መጡ። ክፍሉ ውስጥ አልተቀመጡም። ከበሩ ላይ ቆመው ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው እፍ አሉ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው እየሳቁ ወደ በሩ ሄዱ፤ በሩ ግንባራቸውን እንደ ልማዱ ገጨው።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት «ንስሐ አባትዎ ማን ናቸው?» ማለት አመጡ። ሕሙማን ደነገጡ፤ ሊሞቱ የተቃረቡ መሰላቸው። አንዳንዱ ቄስ ተባበራቸው፤ ሌላው «ክኒን ላሳልም?» ብሎ ተሳለቀ። በስብሰባ ሲያነሡት ወጣቶቹ ዶክተሮች እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ከየኔታ ጽጌ እግር አልዘለለም። ገበያው መሐል ካፕሱል ከመርፌና ከሳሙና ጋር በፕላስቲክ ላይ ይሸጣል፤ በእኔም መስኮት ሴፍትሪያክሶኑ ይጎርፋል። እሳቸው እፍ ማለታቸውን አልተዉም።

በመጨረሻው ክረምታቸው ጤና ጣቢያ ጎብኝተው ከአንበሳሜ ሲመለሱ የጭነት መኪና ሲሸሹ ከነሞተር ሳይክላቸው ቦይ ገቡ። የእግራቸው አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ብረት ገባ፣ ተመስገን ተባለ። ቁስሉ ግን ማዠት ጀመረ። ሲስተር ብርቄ ፋሻውን ስትፈታ ጋሼ አየሩን አሸተቱ። «አውቀዋለሁ» አሉ። «ከድንኳኑ ነው የማውቀው።»

ለዚያች አራስ እንዳደረግሁት ከመደርደሪያዬ አንድ ባንድ አወረድኩ። የቁስሉን ናሙና ባሕር ዳር ላክን። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሮቹ ከእሳቸው ሊሸሽጉት ፈልገው ነበር፤ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። እኛ ዘንድ ያለው መድኃኒት ሁሉ በዚያ ጀርም ላይ ከውኃ አይሻልም። አንድ ይሠራል የተባለ ነበር፤ እሱ ከክልሉም አልተገኘም፣ ከአዲስ አበባ ይፈለግ ተባለ። እግሩ ይቆረጥ ቢባል ትኩሳቱ ከእግር አልፎ ደማቸው ገብቷል። ወረቀቱን አጥፈው ትራሳቸው ሥር አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«በሬዎቹ ተኙ» አሉኝ።

ሐሜት ከአምቡላንስ ይፈጥናል። ለአባ ከልክል መድኃኒት ጠፋ የሚለው ወሬ ገበያ ደረሰ፤ ከገበያ ገጠር ገባ። አገሩም እንደ ወጉ ሊጠይቅ ተነሣ። የታመመ ሲጠየቅ ዳቦ ይመጣል፣ እንቁላል ይመጣል፣ ብርቱካን ይመጣል። የዚያን ሰሞን የመጣው ሌላ ነው።

መጀመሪያ የገቡት እትዬ አዛለች ናቸው። ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ከውስጡ ካፕሱል ወጣ፤ ያ የሳንባ ምቹ ካፕሱል፣ ቀለሙ የገረጣ።

«ሲሻለኝ ለክፉ ቀን ብዬ ያኖርኳት ናት» አሉ። «ክፉ ቀን ከዛሬ ወዲያ የለም። ይዋጧት።»

ጋሼ ካፕሱሉን ተቀበሉ። እኒያ ቁጡ ሰው ግድግዳው ላይ የሚወረውሯት መስሎኝ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ አዛለች» አሉ።

ከዚያ በሩ አልተዘጋም። አንዱ ከጣራው ሣር የሸጎጣትን፣ አንዱ ከዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ያኖራትን፣ አንዱ ልጁ ሲድን ያስተረፋትን ይዞ መጣ። ግማሽ እሽግ፣ ሩብ እሽግ፣ ከወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ፍሬ። እያንዳንዱ አቀርቅሮ፣ በሁለት እጁ ይሰጣል፤ ከልቡ፣ ካለው ላይ። ጋሼም ለእያንዳንዱ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ነጭ፤ ከአልጋው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ክምሩ እንደ አውድማ እህል ከፍ አለ። እኔ ስንት ዘመን በዚያች መስኮት ያሳለፍኩት መድኃኒት ሁሉ ተሰልፎ የተመለሰ መሰለኝ፤ ይህን ማጋነን ብላችሁ አትለፉት።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጋሼ ክምሩን አዩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ደስ ባለኝ።

«ለካ ማንም አልጨረሰም» አሉ።

መሽቶ ጠያቂ ሊወጣ ሲል የኔታ ጽጌ መጡ፤ በእግራቸው፣ ከደብሩ ቁልቁል ወርደው። ክምሩን አዩ፣ አንገታቸውን ደፉ። ጥግ ላይ ቆሙ እንጂ ወደ አልጋው አልቀረቡም።

«የኔታ፣ ይቅረቡ እንጂ» አሉ ጋሼ።

«አፍሬ ነው።»

«ምን ያሳፍርዎታል?»

«አገሩ ሁሉ አንዳንድ ነገር ይዞልዎ መጥቷል። እኔ የማመጣልዎ የለኝም። ያን ጊዜ የሰጡኝን...» ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። «ጨርሼዋለሁ።»

ጋሼ ሙላው እነዚያን መዳፎች ይዘው ወደ ፊታቸው አቀረቡ። አገላብጠው፣ ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት፣ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር አዩ። ከዚያ ግንባራቸውን አስደገፉባቸው። ትኩሳታቸው ለየኔታ ሳይሰማቸው አልቀረም፤ እጃቸውን ግን አልሳቡም።

«ይህ ነው ጥየቃ» አሉ ጋሼ።

በማግሥቱ ክምሩን እንዳቃጥለው አዘዙኝ። «አንዲት ፍሬ እንዳትቀር» አሉ። ከሆስፒታሉ ጓሮ ካለው ማቃጠያ ወስጄ ጨመርኩት፤ ጢሱ ከጉና ነፋስ ጋር ተጣልቶ ወደ ከተማው ተመለሰ። ወገቤ ቀጭ ያለው፣ ወንዛዬ የወረድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የቀበርኳቸው በጠማማ ወገብ ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለው መድኃኒት እስከ ቀብሩ አልደረሰም። ፍትሐቱን የኔታ ጽጌ መሩ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሁለት እግራቸው ቆመው። አባ መዝገቡ ራሳቸው «ትንሽ ይቀመጡ» ቢሏቸው አልተቀመጡም።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲታደል እትዬ አዛለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎኔ ተቀመጡ። ዓይናቸው በእንባ አብጧል፤ ከጋሼ ልጆች እኩል ነው ያለቀሱላቸው። ቆየት ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያቺ የሰጠኋቸው ካፕሱል» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ካልዋጧት፣ እዚያው ከቀረች፣ ብወስዳት ምን አለ? ክፉ ቀን እንደሁ አያልቅ።»

ንፍሮዬን መሬት ላይ አኖርኩና ሁለት መዳፌን ዘርግቼ እፍ አልኩባቸው።